ወንዙን ተከትለን እንሂድ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የስፖርትና የጤና ንዑስ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከብዙ ጉዳይ መካከል ለእኛም ጥቂት ደቂቃ ስለ ሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ሰግታችሁ ወደ ጓዳው በር የምትመለከቱ እንዳላችሁ ይታየናል፤ እኛም ከእናንተ የተለየ ሐሳብ የለንምና ንግግራችንን አናስረዝምም።

የምንናገረው ስለ መሮጫና ስለ መራመጃ መንገድ ነው። ይኸውም በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከየቤታችን ደጃፍ ብዙም ሳይርቁ በወንዝና በጅረት ዳር ስለ ተዘረጉት፣ ዛፍ ስለሚያጠላባቸውና በአብዛኛው መግቢያ ስለማይከፈልባቸው መንገዶች ነው። ርዕሱን ስንመርጥ አንዳንድ ወዳጆቻችን «በ10ኛ ዓመት በዓል ላይ ስለ ሩጫ መንገድ ይወራል ወይ?» ብለውን ነበር። ይወራል እንላለን፤ ምክንያታችንንም እነሆ።

ማኅበራችን ባለፉት 10 ዓመታት ብዙ ሥራ ሠርቷል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሰመረለት በኀዘን ጊዜ ነው። አንድ ወገናችን ሲያርፍ በሰዓታት ውስጥ ስልክ ይደወላል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ ጉዳዩ ይፈጸማል፣ ድንኳን ባይተከልም አዳራሽ ይሞላል። በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን በነዚያ አዳራሾች ጎን ለጎን ተቀምጠን ደጋግመን የሰማነው ነገር ቢኖር የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም ነው። ሟቹም ብዙ ጊዜ የ50 ዓመት፣ አንዳንዴም የ45 ዓመት ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ቀኑን ሙሉ ከታክሲው መሪ ኋላ የሚውል፣ በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሁለት ሺፍት የሚቀመጥ፣ ልጅ ሲያሳድጉ ከአፓርታማ ሳይወጡ ክረምቱን የሚያሳልፉ እናት፤ እነዚህ ሁሉ የእኛው ናቸው። እንግዲህ የምንለው ይህ ነው፤ ለመቅበር በምንሰበሰብበት ብርታት ለመኖርም እንሰብሰብ። ለዚህም አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም፤ ቦታው በየቤታችን አጠገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል።

የወንዝ ልጅነት

በቋንቋችን ሰው ከሰው ሲዛመድ «የወንዜ ልጅ» ይባባላል። የአገር ሰው የሚለካው በሚጠጣው ወንዝ ነው። ሆኖም ከመካከላችን የአዲስ አበባ ልጅ የሆነው ወንዝን የሚያውቀው በሌላ መልኩ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተ ይቀጡ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ይወርዱ ስለ ነበር ቤቱም ሰዉም ጀርባውን ሰጥቷቸው ኖሯል። ሩጫ ከተባለ ጃን ሜዳ ነው፣ አለዚያም የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። ወንዝ ዳር ወርዶ መሮጥ ብዙዎቻችን ያደግንበት ልማድ አልነበረም።

ምናልባትም ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ እዚህ አገር ከመጣን በኋላ አካባቢያችንን የምናውቀው በአውራ ጎዳና ቁጥር ብቻ የሆነው፤ 395፣ 495፣ 66፣ 270። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ሮክ ክሪክን በቀን ስንት ጊዜ በድልድይ ላይ ይሻገሩታል! ከድልድዩ በታች አጋዘን የሚግጥበት ጫካ እንዳለ ግን የነገርናቸው ጊዜ «ከተማ መካከል?» ብለው የሳቁብን ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ኢትዮጵያዊ መሆናችን ሲታወቅ «እንግዲያውስ ሯጭ ነሃ!» መባላችን አይቀርም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካጠለቀች፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ከደገመ በኋላ ይህ ስም ለሁላችንም ተርፏል። እኛም ፈገግ ብለን እናልፈዋለን፤ ከአውቶቡስ ኋላ ካልሆነ በቀር ከሮጥን ስንት ዓመታችን! እነርሱ ያወረሱን ስም በወሬ ብቻ እንዳይቀር እንፈልጋለን። ሜዳልያ ማንም አይጠይቀንም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከደጅ መውጣት ግን ከሁላችን አቅም በታች ነው።

መንገዶቹ ለምን በውኃ ዳር ሆኑ?

መንገድ ለመፈለግ አስቀድሞ መንገዱ ለምን በዚያ እንደ ተሠራ ማወቅ ይረዳል። የወንዝ ሸለቆ በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ያጥለቀልቀዋል፤ ስለዚህ ቤት ለመሥራት አይመችም። ለቤት ያልሆነው ቦታ ለዛፍና ለእግረኛ ይተርፋል። የአሜሪካ ምክር ቤት የሮክ ክሪክን ሸለቆ ፓርክ ብሎ የከለለው በ1890 ነው፤ አፄ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑ ገና አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ማለት ነው። በ1930 ደግሞ ካፐር-ክራምተን የተባለው ሕግ ወጣና ከዋና ከተማው ውጭ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ የጅረት ሸለቆዎች ለፓርክ እንዲገዙ ገንዘብ ፈቀደ። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማዎች መካከል አረንጓዴ መቀነት መስሎ የሚያልፈው የስላይጎ ክሪክ ፓርክ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቦይና ባቡር ነው። በቅሎ የሚጎትተው ጀልባም ሆነ ባቡር ዳገት አይወድም። በመሆኑም እነዚህን የሠሩ መሐንዲሶች ወንዙን እየተከተሉ ዝግ ያለ ተዳፋት ፈለጉ። ጀልባውና ባቡሩ ሲቀሩ መንገዱ ቀረ፤ ለበቅሎ የተመቸው መሬት ለእኛም ጉልበት ተመቸ።

ከነዚህ መካከል የአንዱን ታሪክ በጥቂቱ እናንሣ፤ ለማኅበርም ትምህርት አለውና። ከጆርጅታውን ተነሥቶ እስከ ካምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ድረስ 184.5 ማይል የሚሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ቁፋሮው በ1828 ተጀመረ፣ ካምበርላንድ የደረሰው በ1850 ነው፣ በ1924 ጎርፍ ካበላሸው በኋላም ሥራውን አቆመ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ሸለቆ ላይ የመኪና ጎዳና እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበና ዋሽንግተን ፖስት ደገፈው። በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ጻፉ፤ «ኑና አብረን በእግራችን እንሂድ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ» የሚል ይዘት ያለው ግብዣ ነበር። በመጋቢት 1954 ጉዞው ሲጀመር 58 ሰዎች ነበሩ፤ ጠቅላላውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳኛውን ጨምሮ 9 ብቻ ናቸው። ነገር ግን ያ ጉዞ የብዙ ሰው ሐሳብ ለወጠ፣ ጎዳናው ሳይሠራ ቀረ፣ በ1971ም ቦይው ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ተባለ። ዘጠኝ ሰው ሄዶ ያዳነውን መንገድ ዛሬ እኛ በአብዛኛው ያለ ክፍያ እንሮጥበታለን።

በየሰፈራችን ያሉት መንገዶች

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መንገዶቹን የምንዘረዝረው ወገኖቻችን በሚኖሩበት ሰፈር ቅደም ተከተል ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ለምትኖሩ፣ የመጀመሪያው የስላይጎ ክሪክ መንገድ ነው። አስፋልት ነው፤ ከሃያትስቪል አካባቢ እስከ ዊተን ወደ 10 ማይል ያህል ጅረቱን እየተከተለ ይሄዳል። በየመካከሉ የልጆች መጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበርና የሽርሽር ጠረጴዛ አለው። ቅዳሜና እሑድ ከጎኑ ያለው የመኪና መንገድ በከፊል ስለሚዘጋ ለሕፃን ጋሪና ብስክሌት ለሚማሩ ልጆች ይመቻል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናታችንን ወደዚያ ስንወስዳቸው በአገራቸው እንደ ለመዱት ያገኙትን ሁሉ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ» እያሉ ይሄዱ ነበር። ሰዉም ራሱን ዝቅ አድርጎ ይመልስላቸዋል። ከጅረቱ ዳር ሳማ አግኝተው «ይህማ የእኛ አገር ነው!» ብለው ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቁን እርሳቸው ሆኑ፤ ቅዳሜ ጧት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ልጃቸው ገዝታ ያስቀመጠችላቸውን የስፖርት ጫማ አድርገው፣ በር ላይ ቆመው እናገኛቸዋለን።

በከተማው ውስጥ፣ በ16ኛው መንገድ፣ በአዳምስ ሞርጋንና በኮሎምቢያ ሃይትስ ለምትኖሩ፣ ሮክ ክሪክ የእናንተ ነው። መነሻችሁ በ1820ዎቹ የተሠራው የድንጋይ ወፍጮ ቤት፣ ፒርስ ሚል ይሁን። መኪና ለሌለው ሰው ከክሊቭላንድ ፓርክ የሜትሮ ጣቢያ ቁልቁል በእግር ይደረሳል። ከወፍጮ ቤቱ ወደ ሰሜን ቢች ድራይቭ የተባለው መንገድ ወንዙን እየታከከ ይወጣል። ሰፋ ያለ ክፍሉ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ለመኪና ተዘግቶ ነበር፤ በ2022 ደግሞ በቋሚነት ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲተው ተወሰነ። በመሆኑም ዛሬ በዋና ከተማው መካከል የመኪና ድምፅ ሳይሰሙ፣ በድንጋይ ላይ የሚወርድ ውኃ እየሰሙ መሮጥ ይቻላል። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ጥላው ከጎዳናው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች ከወንዙ ግራና ቀኝ ያሉትን የአፈር መንገዶች ሞክሩ፤ ዳገቱ እንጦጦን ባያህልም ያስታውሳል፤ ሥርና ድንጋይ ስለሚበዛበት ዓይን ከእግር አይለይ።

ጉልበቱን ለሚያመው ወገናችን የምንመክረው የቦዩን ዳር ነው። ከጆርጅታውን የሚነሣው የበቅሎዎቹ መንገድ የተጠቀጠቀ አፈር ስለሆነ ለመገጣጠሚያ ከአስፋልት ይሻላል፤ ሜዳም ነው። በየማይሉ ምልክት ስላለው የሄዳችሁበትን ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ፍሌቸርስ ኮቭ የተባለው የጀልባ ማረፊያ 3 ማይል ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 6 ማይል፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአንድ በኩል ቦዩ ጸጥ ብሎ ተኝቶ፣ በሌላው በኩል ፖቶማክ በዛፎች መካከል ይታያል። አስፋልት ለሚሻ ከጎኑ ካፒታል ክሬሰንት የተባለው የቀድሞ የባቡር መንገድ ከጆርጅታውን ወደ ቤተስዳ ይወጣል። ቤተሰብ ይዞ በመኪና የሚሄድ ደግሞ 14 ማይል ላይ ያለውን ታላቁን ፏፏቴ፣ ግሬት ፎልስን ሳያይ አይመለስ።

ወደ ቨርጂኒያ እንሻገር። በአርሊንግተን፣ በተለይም በኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ የምትኖሩ፣ ፎር ማይል ረን የተባለው ጅረት ከቤታችሁ በታች ያልፋል። በዳሩም ሁለት መንገዶች አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ የጅረቱን ስም የያዘው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ ሁለተኛው ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል የሚዘልቀው የቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነው። ለጀማሪ አንድ ዘዴ እንንገራችሁ፤ በሜትሮ ኢስት ፎልስ ቸርች ወርዳችሁ ጅረቱን ተከትላችሁ ወደ ሸርሊንግተን ሂዱ። ወደ 5 ማይል ይሆናል፤ ውኃው ወደሚወርድበት ስለምትሄዱ መንገዱም በአብዛኛው ይዟችሁ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ቡና አለ፣ ወደ ቤት የሚመልስ አውቶቡስም አለ።

ከሸርሊንግተን ወደ ታች የቀጠለ ሰው በአውሮፕላን ጣቢያው አጠገብ ፖቶማክን ያገኛል። በዚያ ከቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት አንሥቶ እስከ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት፣ እስከ ማውንት ቨርነን ድረስ 18 ማይል ያህል የሚሄደው መንገድ ያልፋል። ሹፌሮቻችን ተሳፋሪ ሲጠብቁ የሚውሉበት ያው ጣቢያ ነው፤ ወረፋ ሳይሆን ወንዝ እያዩ በአጠገቡ ማለፍ ግን ሌላ ነው። ከጣቢያው በስተሰሜን ያለው ግራቬሊ ፖይንት አውሮፕላኖች በራስ ላይ ዝቅ ብለው የሚያርፉበት ሜዳ በመሆኑ ልጆችን ይዞ ለመሄድ ግሩም ነው። የሩዝቬልት ደሴትም በእግረኛ ድልድይ የሚገባበት፣ ብስክሌት የማይፈቀድበት ጫካ ነው። በረግረጉ ላይ የእንጨት መተላለፊያ ተሠርቶለታል። ለአረጋውያኖቻችን ጸጥ ያለ ቦታ ሲጠየቅ በቅድሚያ የምንጠቅሰው እርሱን ነው።

በመጨረሻም በምሥራቅ በኩል፣ በብላደንስበርግና በሃያትስቪል ለምትኖሩ፣ አናኮስቲያ አለ። ይህ ወንዝ ለብዙ ዓመታት የተናቀና የተበከለ ነበር፤ ዛሬ የጽዳት ሥራው ቀጥሏል፣ በሁለቱም ዳር መንገድ ተዘርግቷል። በ2016 የተከፈተው የኬኒልወርዝ ክፍል ብላደንስበርግን ከዋሽንግተን ጋር አገናኝቶታል። ሜዳ ነው፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በውኃው ዳር ቆመው ይታያሉ። በሐምሌ ወር በኬኒልወርዝ የውኃ አትክልት ቦታ ሎተስ ያብባል። ጥላ ስለሚያንሰው ግን በበጋው ሙቀት በማለዳ ሂዱ።

መንገድ ለራስ መፈለግ

ከነዚህ ሰፈሮች ውጭ የሚኖር ወገናችን ቅር እንዳይለው መንገድ የምንፈልግበትን ዘዴ እንናገራለን። በመጀመሪያ ካርታ ላይ ቤታችሁን አግኙ፤ ቀጥሎ በቅርባችሁ ያለውን ቀጭን ሰማያዊ መስመር ፈልጉ። ከሰማያዊው ጎን አረንጓዴ ካለ ብዙ ጊዜ መንገድ አለ ማለት ነው። ትልቁ ጎዳና ጅረቱን በሚሻገርበት ድልድይ አጠገብ ወደ ታች የሚወርድ መግቢያ ይኖራል፤ ከመኪና ሆኖ ስለማይታይ ወርዳችሁ በእግር ተመልከቱ።

መንገዱን ካገኛችሁ በኋላ ሳትሮጡ አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ተራመዱበት። አምስት ነገር አስተውሉ፤ ሌላ ሰው የሚሄድበት መሆኑን፣ የመጠጥ ውኃና መጸዳጃ የት እንዳለ፣ መውጫዎቹ በየት እንደሆኑ፣ ስልክ የሚሠራ መሆኑን፣ እንዲሁም የማይል ምልክት ወይም የድልድይ ስም። የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ፤ አደጋ ቢደርስ 911 ደውሎ «ጫካ ውስጥ ነኝ» ከማለት «2ኛው ማይል ላይ ነኝ» ማለት ሕይወት ያድናል።

አጀማመርና ጥንቃቄ

አጀማመርን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ከዚያ 1 ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያሉ 20 ደቂቃ መሙላት ይበቃል። እየሮጣችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጣን እርምጃም ይቆጠራል። የማይሮጥ ይራመድ፤ መንገዱ አንድ ነው።

በጾም ወራት የሚጠየቀንም አለ። ሁዳዴን የምትጾሙም ሆናችሁ ረመዳንን የምትጾሙ፣ ከባዱን ሩጫ ትታችሁ በማፍጠሪያችሁ ሰዓት አቅራቢያ ቀለል ያለ እርምጃ ብታደርጉ ከዚያ ወዲያው ውኃና እህል ስለምታገኙ ይሻላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህንንም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ እነዚህ ጅረቶች በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላሉ፤ በድልድይ ሥር የሚያልፉት መንገዶችም ይጥለቀለቃሉ። በአሌክሳንድሪያ ያለው የሆምስ ረን መንገድ በሐምሌ 2019 ጎርፍ ክፉኛ መጎዳቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ዝናብ በጣለ ቀን ከፍ ባለ መንገድ ሂዱ፤ የተዘጋ ክፍልም ካለ አጥር አትዝለሉ። ውኃው ጥሩ ቢመስልም ልጆች አይግቡበት፤ በተለይ ከዝናብ በኋላ የፍሳሽ ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። ከመንገዱ ወጥታችሁ ሣር ውስጥ ከገባችሁ ማታ እግራችሁን ፈትሹ፤ በዚህ አገር ያለው መዥገር ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚያድገውን አሳካኪ ቅጠል ለልጆች አሳዩአቸው። ሁልጊዜ ቀኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከኋላ የሚመጣ ብስክሌተኛ «ኦን ዩር ሌፍት!» ብሎ ቢጮህ ስድብ አይደለም፣ «በግራዎ ላልፍ ነው» ማለቱ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በየካቲት 2020 አህመድ አርበሪ የተባለ የ25 ዓመት ጥቁር ወጣት ጆርጂያ ውስጥ በሰፈር መንገድ ሲሮጥ ተከታትለው ገደሉት። ከዚያ ወዲህ «ልጄ ብቻውን አይሩጥ» ያሉን ወላጆች አሉ፤ «ሲመሽ ብቻዬን አልወርድም» የሚሉ እኅቶቻችንም አሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ በምክር ብቻ የሚነሣም አይደለም። እኛ ማድረግ የምንችለው ማንም ብቻውን እንዳይሄድ ነው። አራትና አምስት ሆነን ስንሄድ ልጁ ይጫወታል፣ እናቲቱ አትሰጋም፣ ሌላውም ሰው ፊታችንን ይለምዳል። በአንድ መንገድ ላይ በየሳምንቱ የታየ ሰው የዚያ ሰፈር ሰው ነው።

የምንጠይቃችሁ

የተከበራችሁ አባላት፤ ለማጠቃለል ሦስት ነገር እንለምናችኋለን፤ አንዱም ገንዘብ አይደለም።

አንደኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ማኅበሩ በይፋ የእግር ቀን ይበለው። በየወሩ ከነዚህ መንገዶች በአንዱ እንሰበሰብ፤ የሚሮጠው ይሩጥ፣ የሚራመደው ይራመድ፣ አረጋውያኑ ወንበር ላይ ሆነው ይመርቁን። መኪና ያለው ለሌለው ያድርስ። ሰዓቱ በአገሩ አቆጣጠር ጧት 7 ሰዓት ነው፤ የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለው ነገር በዚያ ቀን አይሠራም፣ ፀሐይዋ አትጠብቅምና።

ሁለተኛ፣ በየሰፈሩ ያላችሁ ቤተሰቦች አንዳንድ መንገድ ተረከቡ። መግቢያውን፣ ውኃ ያለበትን፣ ማረፊያውን፣ የአውቶቡሱን ቁጥር በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፉልን፤ እኛ አባዝተን ለየቤቱ እናድላለን። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ልጃቸው ከሥራ እስክትመጣ ሳይጠብቁ ራሳቸው ወጥተው መመለስ የሚችሉት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን ለወንዙ እንስጥ። በጸደይ ወራት በየጅረቱ ዳር የጽዳት ዘመቻ ይደረጋል። በማኅበራችን ስም ወጥተን ፕላስቲክ እንልቀም። የተጠቀምንበትን መጠበቅ ያደግንበት ሥርዓት ነው፤ ልጆቻችንም አሜሪካ ውስጥ ያለ ቦታ የእነርሱም መሆኑን የሚያውቁት እጃቸው ሲነካው ነው። ነገ ሰው «የየት ወንዝ ልጅ ነህ?» ብሎ ቢጠይቃቸው አባይንም አዋሽንም ከወላጆቻቸው ሰምተዋል፤ ስላይጎንና ሮክ ክሪክን ደግሞ በእግራቸው ያውቁታል።

ይህን ሐሳብ ማኅበሩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ እንዲያጸድቀው በጽሑፍ አቅርበናል። እስከዚያው ግን መንገዱ ክፍት ስለሆነ የሚመጣውን ቅዳሜ በስላይጎ ክሪክ እንጀምራለን። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ምግቡም በዚያው በኩል ስለሆነ አልፋችሁ የምትሄዱበት ምክንያት የለም።

ለማኅበራችን 20ኛ ዓመት በጤና ያድርሰን!